አንድ ባክቴሪያ፣ አንድ ኮሎኒ፦ የናይሮቢ የአክታ ቆጠራና ያልተቋጨው ክርክር

በላቦራቶሪ ሕያው ባክቴሪያ የሚቆጠረው አንድ ግምት ታምኖ ነው። ናሙናው ይቀጥናል፣ በማሳደጊያ ላይ ይፈስሳል፣ ጊዜው ሲደርስ በዓይን የሚታዩት ኮሎኒዎች ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ ኮሎኒም ከአንድ ሕዋስ እንደተነሳ ይወሰዳል። ገበሬ የዘሩን ደኅንነት በበቀለው ልክ እንደሚፈርድ ሁሉ፣ ላቦራቶሪም ሕያው የሚለው የበቀለውን ነው። በ20 ደቂቃ አንዴ በሚከፈሉ ባክቴሪያዎች ላይ ይህ ግምት ብዙም አያጣላም፤ ማታ ተዘርቶ ጠዋት ይቆጠራል።

የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ሕዋስ በየ20 ሰዓቱ እየተከፈለ 24 ጊዜ ቢባዛ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ በዓይን ለመታየት የሚበቃው ቁጥርም እዚያ አካባቢ ነው። ለዚህ 20 ቀን ያስፈልጋል፤ ያውም ሕዋሱ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ሳያመነታ ከተነሳ ነው። በተግባር ውጤቱ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማሳደጊያው ሊደርቅ፣ ሌላ ፈጣን ተሕዋስ ሊወርረው፣ ሕዋሱም ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ብቻውን የወደቀ ዘገምተኛ ሕዋስ ሁልጊዜ ኮሎኒ ይሆናል ወይ? ካልሆነስ፣ ያልበቀለው ሁሉ ሞቷል ማለት ነው ወይ?

ጥያቄዎቹ የላቦራቶሪ ሰዎች የእርስ በርስ ጉዳይ ሊመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በኪሱሙ የቲቢ ሕመምተኛ መድኃኒቱን 18 ወር ሳይሆን 6 ወር የሚወስደው በከፊል ከናይሮቢ በተነሳ ምርምርና የኮሎኒ ቆጠራ ምክንያት ነው። ቆጠራው ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ማወቅ ለዚህ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሴረም እስከ እንቁላል

ከአንድ ሕዋስ መነሳት የሚለው ሐሳብ ከቲቢ ባክቴሪያ መገኘት ይቀድማል። ጆሴፍ ሊስተር በ1878 ወተት የሚያኮመጥጠውን ባክቴሪያ ለብቻው ያገኘው ናሙናውን አቅጥኖ አቅጥኖ፣ በአንድ ጠብታ ውስጥ ከአንድ ሕዋስ በላይ የመኖር ዕድሉ እስኪጠብ ድረስ በማድረስ ነው። ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 ከአንድ የእርሾ ሕዋስ የተነሳ ንጹሕ ዘር ለቢራ ጠመቃ አቀረበ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ አሜሪካዊው ማርሻል ባርበር በማይክሮስኮፕ ሥር አንዷን ሕዋስ በቀጭን የመስታወት ቧንቧ ስቦ የሚያወጣበትን ዘዴ ሠራ። ልዩነቱን መያዝ ይጠቅማል፦ የሊስተር መንገድ የዕድል ስሌት ነው፣ የባርበር ግን በዓይን የተረጋገጠ ነው። ዛሬም በየላቦራቶሪው የሚሠራበት የሊስተር መንገድ ነው። አንድ ኮሎኒ ከአንድ ሕዋስ መነሳቱን ማንም አላየም፤ ተሰልቶ የታመነ ነገር ነው።

ሮበርት ኮህ መጋቢት 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ ያሳደገው በሙቀት በረጋ የደም ሴረም ላይ ነበር። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በሁለት ቀን ሲያድጉ ይህኛው እስከ ሁለተኛው ሳምንት ምንም አያሳይም፤ ከኮህ በፊት የሞከሩ ሰዎች የተሸነፉት አንድም በትዕግሥት ማጣት ነው ማለት ይቻላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሎቨንስታይንና የንሰን በእንቁላል የተሠራውን ማሳደጊያ አሻሻሉት። አረንጓዴው ቀለሙ ማላካይት ግሪን ነው፤ ሌሎች ተሕዋስያንን እንዲያፍን የገባ ነው። ይህ ማሳደጊያ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ ዛሬ የዘለቀው ርካሽና በአገር ውስጥ ሊዘጋጅ የሚችል ስለሆነ ነው። አንድ ጣጣ ግን አለው፤ እንቁላሉ አንቲባዮቲክ ካልተቀላበች ዶሮ መምጣት አለበት፤ አለዚያ ማሳደጊያው ራሱ ባክቴሪያውን ይገድላል።

በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ረኔ ዱቦስና ባልደረቦቹ ለዛሬው ክርክር መሠረት የሆነ ነገር አገኙ። የቲቢ ባክቴሪያ ሽፋኑ ሰማማ ስለሆነ በፈሳሽ ውስጥ ተጣብቆ እንደ ገመድ ይጎነጎናል። ትዊን 80 የተባለው ሳሙና መሰል ነገር ሲጨመር ሕዋሳቱ ይበታተናሉ። ይሁን እንጂ ትዊን ሲፈርስ ኦሌይክ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱም ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ከተዘሩ ይፈጃቸዋል። ብዙ ከተዘሩ መርዙ ይከፋፈላቸውና ይተርፋሉ። አልቡሚን ሲጨመር አሲዱን ያዘው፣ ጥቂቶቹም በቀሉ። በ1958 የወጣው የሚድልብሩክ 7ኤች10 ማሳደጊያ የዚህ ግኝት ልጅ ነው፤ በአልቡሚኑ ላይ ፐርኦክሳይድን የሚያፈርስ ካታሌዝ ይታከልበታል።

ከ18 ወር ወደ 6 ወር

በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዘመን ናይሮቢ የምሥራቅ አፍሪካ የቲቢ ምርመራ ማዕከል መቀመጫ ነበረች። ማኅበረሰቡ በ1977 ፈርሶ የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋም (ኬምሪ) በ1979 ሲቋቋም ሥራው በአገሪቱ ስም ቀጠለ። ማዕከሉ ከብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጋር ካካሄዳቸው ጥናቶች ታላቁ በ1972 ላንሴት ላይ የወጣው ነው። ጥያቄው ሕክምናው በ6 ወር ሊያልቅ ይችላል ወይ የሚል ነበር።

ስትሬፕቶማይሲንና አይሶኒያዚድ ብቻ ለ6 ወር ከወሰዱት በሽታው ያገረሸባቸው 29 በመቶ ናቸው። ሪፋምፒሲን ሲጨመር ይህ ቁጥር ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ ፒራዚናማይድ ሲጨመር ወደ 8 በመቶ። የዛሬው የ6 ወር ሕክምና ከዚህ ተነሳ። ለእኛ ጥያቄ የሚበልጠው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሕክምናው ሲያበቃ ካገረሸባቸውም ካላገረሸባቸውም የአብዛኞቹ አክታ ምንም አያበቅልም ነበር። ካልቸሩ፣ ማለትም በማሳደጊያ ላይ የተዘራው ናሙና፣ በሁለቱም ሕክምና ባዶ ሲሆን ሪፋምፒሲን በተጨመረበት ሦስት ከመቶ፣ ባልተጨመረበት ከሩብ በላይ ሰው ተመልሶ ይታመማል። ባዶ ካልቸር ዜሮ ባክቴሪያ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አይገባም።

ማስረጃው ምክንያቱን ግን አይነግረንም፤ ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ካልቸር ባዶ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የተረፉት ከመቆጠር በታች ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካልቸር ለማሳየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ከ10 እስከ 100 ያህል ባክቴሪያ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሆነው አክታ በማይደርስበት በተዘጋ ቁስል ውስጥ ተደብቀው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ አክታው ውስጥ ኖረው ማሳደጊያው ላይ ለመነሳት እምቢ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። የምሥራቅ አፍሪካው ጥናት ሦስቱን የሚለይበት መንገድ አልነበረውም፤ ሊኖረውም አይችልም ነበር።

የ1980ው ቆጠራ

አሚና ጂንዳኒና ዴኒስ ሚቺሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1980 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው ናይሮቢ ውስጥ በ124 ሕመምተኞች ላይ ነው። አካሄዱ ቀላል ነው፣ ልፋቱ ግን ከባድ። ሕመምተኞቹ በተለያየ መድኃኒትና መጠን ተከፋፈሉ፤ ሌሊቱን ያወጡት አክታ በየቀኑ ተሰበሰበ፤ ቀጥኖ ማሳደጊያ በያዘ ሳህን (ፕሌት) ላይ ተዘራ፤ ከሳምንታት በኋላ ኮሎኒው ተቆጠረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የቁጥር ቅነሳ የመድኃኒቱ የመግደል ኃይል መለኪያ ሆነ። ዛሬ አዲስ የቲቢ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ ይህ የናይሮቢ ፈተና ነው።

ለእንዲህ ያለው ቆጠራ ማሳደጊያው ራሱ ታስቦበት ነበር። አክታ በአፍ ተሕዋስያን የተሞላ ስለሆነ በተለመደው ምርመራ ከመዘራቱ በፊት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይታጠባል። መታጠቡ ግን የቲቢውንም ባክቴሪያ በከፊል ይገድላል። ሚቺሰንና ባልደረቦቹ በ1972 ሌሎቹን የሚያፍኑ አንቲባዮቲኮች የገቡበት የአጋር ማሳደጊያ አውጥተው ስለነበር አክታን ሳይታጠብ መዝራት ተቻለ። ይህን ያላደረገ የኮሎኒ ቆጠራ ከመነሻው የተዛባ ነው፤ ቁጥሮችን ከተለያዩ ጥናቶች እየለቀሙ የሚያወዳድሩ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነበር።

አይሶኒያዚድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ኮሎኒውን በየቀኑ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ቀነሰው፤ ከ100 ኮሎኒ በሁለት ቀን 4 ያህል ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ሪፋምፒሲን ከዚህ በብዙ አነሰ። ስትሬፕቶማይሲን ደካማ ነበር። ፒራዚናማይድ ምንም ያደረገው ነገር የለም ቢባል ይቀላል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ቅነሳው በሁሉም ላይ አዘገመ።

ይህን ከ1972ቱ ውጤት ጋር ማጋጨት ነው። ማገርሸትን ከ29 ወደ 8 በመቶ ያወረደው ፒራዚናማይድ በፕሌት ላይ ዜሮ አገኘ፤ በፕሌት ላይ አንደኛ የወጣው አይሶኒያዚድ ደግሞ 29 በመቶ ባገረሸበት ሕክምና ውስጥ ለ6 ወር ሲወሰድ የነበረው ነው። ሚቺሰን በ1979 ባቀረበው መላምት ይህን ለማስታረቅ ሞክሮ ነበር። እንደ እሱ አባባል በአንድ ሳንባ ውስጥ አራት ዓይነት ሕዝብ አለ። በፍጥነት የሚያድገውን አይሶኒያዚድ ይጨርሰዋል። በአሲዳማ ቦታ የሚያዘግመውን ፒራዚናማይድ ይይዘዋል። አልፎ አልፎ ብልጭ እያለ የሚነቃውን ሪፋምፒሲን ያገኘዋል። አራተኛው ፈጽሞ ተኝቷል፣ የሚነካው መድኃኒትም የለም። መላምቱ ለማስተማር ምቹ ስለሆነ በየመማሪያ መጽሐፉ ገብቷል። ሆኖም አራቱ ሕዝቦች ተለይተው ታይተው አያውቁም፤ ከመድኃኒቶቹ ውጤት ወደ ኋላ የተሰላ ሥዕል ናቸው። አራት ይሁኑ ወይስ ከፈጣን እስከ እንቅልፋም የተዘረጋ አንድ ቅጥልጥል ይኑር፣ ዛሬም አልተቋጨም።

ሁለት ስሕተቶች፣ በተቃራኒ አቅጣጫ

የኮሎኒ ቆጠራ ከሁለት ወገን ይስታል። አንደኛው መጣበቅ ነው። አሥር ተጣባቂ ሕዋሳት አንድ ላይ ቢወድቁ የሚወጣው አንድ ኮሎኒ ነው። መድኃኒቱ ከአሥሩ ዘጠኙን ቢገድልም ቁጥሩ አይለወጥም፤ የመድኃኒቱ ኃይል ያነሰ መስሎ ይታያል። በመስታወት ጠጠር ማናወጥ፣ ትዊን መጨመር፣ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ማሳለፍ ሁሉ ይህን ለመቀነስ የሚደረጉ ናቸው፤ ሲበዙ ግን ሕዋሱን ራሱን ይሰብራሉ።

ሁለተኛው የመነሳት እምቢታ ነው። ሕያው ሆኖ የማይበቅል ሕዋስ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ የመድኃኒቱ ኃይል ያለ ልክ ይጋነናል። ሁለቱ ስሕተቶች ወደ ተቃራኒ ቢጎትቱም እኩል ይጠፋፋሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

የተለመደው መከላከያ «ፍጹም ቁጥሩ ባይታመንም ንጽጽሩ ይታመናል» የሚል ነው። እውነትነት አለው፣ ገደብ ግን አለው። ሁለት መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ ስሕተቱ የሚጠፋፋው ሁለቱም የሚበቅለውንና የማይበቅለውን ሕዋስ በአንድ ዓይነት ሲመቱ ነው። የፒራዚናማይድ ጉዳይ ያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የናይሮቢው ፈተና በአንድ ወገን ያሉ መድኃኒቶችን፣ ለምሳሌ የአንዱን መድኃኒት የተለያየ መጠን፣ ለማነጻጸር ጠንካራ ነው፤ ሕክምናን ማሳጠር የሚችለውን መድኃኒት ለመምረጥ ግን ደካማ ነው። ጂንዳኒና ሚቺሰን ራሳቸው ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ በ2003 ጉዳዩን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አልፈው በ14 ቀናት ስፋት ተመልሰው አይተውታል።

የ2014ቱ ሬሞክስ ቲቢ ጥናት ደግሞ ነገሩን በትልቅ መጠን ደገመው። ከ1,900 በላይ ሕመምተኞች ከተሳተፉባቸው አገሮች ኬንያ አንዷ ናት። ሞክሲፍሎክሳሲን የገባባቸው የ4 ወር ሕክምናዎች አክታን ከነባሩ የ6 ወር ሕክምና ይልቅ ፈጥነው ከባክቴሪያ አጸዱ። መጨረሻ ላይ ግን ነባሩ 92 በመቶ ሲያድን አዲሶቹ 85 እና 80 በመቶ ላይ ቀሩ። ካልቸር ፈጥኖ ባዶ መሆኑ ሕመምተኛው ቶሎ ድኗል ማለት አልሆነም።

መርዝ፣ ምልክት ወይስ ዕጣ?

ነጠላ ሕዋስ ለምን አይነሳም? ለዚህ የሚሰጡት መልሶች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን ጥፋቱን ማሳደጊያው ላይ ያደርጋል። ዱቦስ በኦሌይክ አሲድ ያሳየው የዚህ ነው። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች አጋርና ፎስፌት አንድ ላይ በእንፋሎት ግፊት ሲቀቀሉ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚፈጠርና ለየብቻ ሲቀቀሉ ብዙ ተጨማሪ ኮሎኒ እንደሚወጣ አሳዩ። ይህ ለቲቢ ላቦራቶሪ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ አይሶኒያዚድን ከተለማመዱት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ካታሌዛቸውን ያጡ ስለሆኑ ፐርኦክሳይድን አይችሉም። ለሕመምተኛው እጅግ አደገኛው ዝርያ በመጥፎ ማሳደጊያ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን ሕዋሱ ከጎረቤቱ ምልክት ይጠብቃል ይላል። በ1998 ሙካሞሎቫ፣ ካፕሬልያንትስ፣ ያንግና ኬል ማይክሮኮከስ ሉቴየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያወጣው ፕሮቲን እጅግ በአነስተኛ መጠን ተኝተው የነበሩ ሕዋሳትን እንደሚያነቃ አሳተሙ። የቲቢ ባክቴሪያ የዚህ ዓይነት አምስት ጂኖች አሉት። አምስቱም በተሰረዙበት ባክቴሪያ ላይ በ2008 የወጣው ጥናት ግን ነገሩን አወሳሰበው፦ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ በደህና ያድጋል፤ የተሳነው ከእንቅልፍ መነሳትና በሽታ ማምጣት ነው። ፕሮቲኑም የሕዋስ ግድግዳ የሚቆርጥ ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ታዲያ መልእክት ነው ወይስ መቁረጫ? ምናልባት የግድግዳው ስብርባሪ ራሱ መልእክቱ ይሆናል፤ ይህን የሚደግፉ አሉ፣ የጨረሰው ግን የለም።

ሙካሞሎቫና ባልደረቦቿ በ2010 ፕሮቲኑን ለሕመምተኞች አክታ ሰጥተው ሲያዩት፣ በብዙዎቹ አክታዎች ፕሌት ላይ ከሚበቅለው የሚበልጥ ስውር ሕዝብ አገኙ። ሕክምና ከተጀመረ በኋላም የስውሩ ድርሻ ከፍ አለ። ደቡብ አፍሪካ የተሠራ፣ በ2016 የታተመ ጥናት ተመሳሳይ ስውር ሕዝብ አግኝቶ፣ ከሚያድጉ ባክቴሪያዎች የተጣራ ፈሳሽም እንደሚያነቃቸው፣ አንዳንዶቹም ያለዚያ ፕሮቲን እንደሚነሱ አሳየ። ስለዚህ ስውሩ ሕዝብ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ዕጣ ነው ይላል። ቦስተን ላይ የሠራው ስላቫ ኤፕስታይን በ2009 እንደጻፈው፣ በተኛ ሕዝብ ውስጥ ጥቂት ሕዋሳት ያለ ምንም ምክንያት በየጊዜው ይነቃሉ፤ ቦታው ተስማሚ ከሆነ ይባዛሉ፣ ካልሆነ ይሞታሉ። በዚህ አባባል ምልክትም መርዝም ሳይኖር ያው ማሳደጊያ ላይ አንዱ ሕዋስ ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ ይነሳል። እንደ እኔ ግምት ሦስቱ አባባሎች እንደ ተቃራኒ መቅረባቸው ክርክሩን ጎድቶታል። መርዙ ያልተነሳበትን ማሳደጊያ ይዞ ስለ ምልክት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ መርዙ ይጥራ፣ የቀረው ከዚያ በኋላ ይታያል።

አንዷን በዓይን መከታተል

የባርበር ሕልም ዛሬ በሌላ መልክ ተመልሷል። ከፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ውስጥ ሕዋሳትን አስቀምጦ እየመገቡ ለቀናት ፎቶ ማንሳት ይቻላል። በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ማይኮባክቴሪያዎች ሲከፈሉ እኩል ልጆች እንደማይወልዱ፣ በእድገት ፍጥነታቸውና በመድኃኒት መቻላቸውም እንደሚለያዩ ታየ። በዓመቱ የሎዛን ተመራማሪዎች አይሶኒያዚድን የተረፉት ዘገምተኞቹ አለመሆናቸውን አሳዩ፤ መትረፍ የተያያዘው መድኃኒቱን የሚያነቃው ካታሌዝ አልፎ አልፎ ብቻ በመመረቱ ነው። ይህ ከሚቺሰን ሥዕል ጋር አይገጥምም፤ የተረፈ ሁሉ ቀርፋፋ ነው የሚለውን የቆየ እምነት ይነቀንቃል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን እዚህ ነው። የሎዛኑ ሥራ የተሠራው በማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስ ላይ ነው፤ በ3 ሰዓት ገደማ የሚከፈል፣ ሰውን የማይጎዳ ዘመድ። የቲቢውን ባክቴሪያ እንዲህ ለሳምንታት መከታተል የባዮሴፍቲ ደረጃ 3 ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራትና በሳምንታት ውስጥ ስንዝር የማይንሸራተት ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። ከፈጣኑ ዘመድ ወደ ዘገምተኛው የሚደረገው ዝላይ በብዙ ጽሑፎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል።

ቀድሞ የበቀለው ይፈረድበታል

የዘገምተኛው ችግር የቲቢ ብቻ አይደለም። በፍየሎች ላይ የሚወርደው ተላላፊ የሳንባ በሽታ በ1873 አልጄሪያ ውስጥ ቢገለጽም፣ ለረጅም ጊዜ ሲወቀስ የኖረው ማይኮፕላዝማ ከተባሉት ባክቴሪያዎች በቀላሉ የሚበቅል አንድ ዓይነት ነበር። በ1976 ማክኦዋንና ሚኔት ኬንያ ውስጥ ከታመሙ ፍየሎች ኤፍ38 የተባለውን ዝርያ አወጡ፤ እጅግ መራጭና ዘገምተኛ ነው፣ እውነተኛው ጥፋተኛም እሱ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ዝርያው በ1993 ማይኮፕላዝማ ካፕሪኮለም ካፕሪኒዩሞኒየ ተብሎ ተሰየመ።

በማይኮፕላዝማ ሰዎች ዘንድ ያለውን ልማድ የቲቢ ሰዎች ቢቀኑበት አይበዛም። አንድ ዝርያ ተጣርቶ ወጣ የሚባለው ፈሳሹ ሕዋሳትን በሚነጣጥል ማጣሪያ አልፎ፣ ከአንድ ኮሎኒ ተነስቶ፣ ይኸው ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ነው። ከአንድ ሕዋስ የመነሳት ግምት በአንድ ዙር አይታመንም።

በኢትዮጵያ በኩል ሁለት ጉዳዮች አሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሃንሰን ምርምር ተቋም በ1970 ሲመሠረት ዓላማው የሥጋ ደዌ ነበር። አርማወር ሃንሰን በ1873 ያየው ባክቴሪያ ከ150 ዓመት በኋላም በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ ላይ አላደገም። በአይጥ እግር ውስጥ ሲያድግ አንዴ ለመከፈል 2 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ የጠፋበትን ጂን ሁሉ አንብቦ የጎደለውን ምግብ መስጠት ተሞክሯል፣ እስካሁን አልተሳካም። በዚህኛው ላይ የኮሎኒ ቆጠራ ክርክር እንኳ የለም።

ሁለተኛው የቲቢ ሰባተኛው ዘር ነው። ይህ ጥንታዊ ቅርንጫፍ በ2012 ከአፍሪካ ቀንድ በተገኙ ናሙናዎች ተመልክቶ፣ በ2013 በሰሜን ኢትዮጵያ በተለይ በወልድያ አካባቢ በስፋት ተገልጿል፤ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ የሚገኘው በብዛት ከዚያ በተሰደዱ ሰዎች ላይ ነው። በካልቸር ላይ ከሌሎቹ ዘሮች ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ተዘግቧል፤ በአማራ ክልል የተሠራ ጥናትም ይህ ዘር ያለባቸው ሕመምተኞች ወደ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የጊዜ ገደቡ ራሱ ጥያቄ ይሆናል። በእንቁላል ማሳደጊያ ላይ የተዘራ እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፣ በፈሳሽ ማሳደጊያ የተዘራውን የሚያነበው ማሽን ግን በ42 ቀን ቱቦውን «ባዶ» ብሎ ይዘጋዋል። ለፈጣኑ ዘር 42 ቀን ይተርፋል። ለዘገምተኛው፣ ያውም ጥቂት ሕዋስ ብቻ ካለው አክታ ለተነሳ፣ ይበቃል የሚለው በልኩ መፈተን አለበት። በዘሩ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ መነሻቸው በካልቸር የበቀለ ናሙና ስለሆነ፣ የዘሩ ስርጭት ራሱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

ካልቸርን ማለፍ ይቻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት ጂን ኤክስፐርት የተባለውን የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልግ ምርመራ በ2010 ከደገፈ ወዲህ በኬንያም በኢትዮጵያም ምርመራው ወደዚያ አዘንብሏል። በሁለት ሰዓት ይመልሳል፤ ለመመርመር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሕክምናን ለመከታተል ግን አይሆንም፤ ዲኤንኤ የሞተውም ሕዋስ አለውና። በዚህ የተነሳ ቶሎ የሚፈርሰውን የሪቦሶም አርኤንኤ መለካት ሐሳብ መጣ፤ ዘዴው በምሥራቅ አፍሪካ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ከካልቸር ጋር አብሮ እንደሚወርድ ታይቷል። ደጋፊዎቹ ተጣበቀ አልተጣበቀ፣ ነቃ አልነቃ ችግር የለም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የተኛ ሕዋስ አርኤንኤው ስለሚያንስ ያው ሕዝብ እንደገና ዝቅ ብሎ ይቆጠራል ይላሉ። በሁለቱም ወገን እውነት አለ፤ ችግሩ ሁለቱም ራሳቸውን የሚያነጻጽሩት ከኮሎኒ ቆጠራ ጋር መሆኑ ነው። የተጠረጠረው መለኪያ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው።

ትክክለኛው ዳኛ ማገርሸት ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ሕመምተኞችን ከአንድ ዓመት በላይ መከታተል ይጠይቃል። እስካሁን የስውሩ ሕዝብ መጠን ማን እንደሚያገረሽበት አስቀድሞ እንደሚናገር በበቂ ቁጥር ሕመምተኞች አልተረጋገጠም። ስውሩ ሕዝብ መኖሩ ታይቷል፤ መዘዙ ግን አልታየም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ መጻፍ የዘርፉ ትልቁ ድክመት ነው።

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ቀጣዩን የቲቢ መድኃኒት ሙከራ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከአንዱ አክታ ሦስት ቆጠራ ቢያደርጉ፣ ማለትም በተለመደው ፕሌት፣ በማንቂያ ፈሳሽና በአርኤንኤ፣ ቱቦዎቹን ከ42 ቀን በላይ ቢያቆዩ፣ ሕመምተኞቹንም እስከ ማገርሸት ቢከታተሉ፣ በ1972 የተከፈተው ጥያቄ መልስ ያገኛል። እስከዚያ ድረስ በየሪፖርቱ ላይ «በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ብዛት» ተብሎ የሚጻፈው ቢሰረዝና በቦታው «የበቀለ ኮሎኒ ብዛት» ቢገባ ይሻላል።